ለደከመ ልብ ዕረፍት ብቻ አይበቃውም

«የልብ ድካም» የሚለው ስያሜ ብዙዎችን ያሳስታል። የድካም መድኃኒቱ ዕረፍት ነው ብለን ስለምናስብ፣ ሐኪም ይህን ቃል የነገረውን ሰው ቤተሰቡ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከአልጋና ከወንበር እንዳይነሣ ይጠብቀዋል። ደጅ ልውጣ ሲል «አርፈህ ተቀመጥ» ይባላል። ሌሎች ደግሞ ልቡ ሊቆም ነው ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ታማሚው ቢሻለው እንኳ እንደ ሟች ያዩታል። ከካህናት አባቶችና ከሰበካ ጉባኤ አባላት የሚቀርቡልን ጥያቄዎችም አብዛኞቹ ከእነዚህ ሁለት ግንዛቤዎች የሚነሡ ናቸው፦ ይጹም ወይ? ይስገድ ወይ? ጸበል ይጠጣ ወይ? ቆሞ ያስቀድስ ወይ? በዚህ ጽሑፍ የልብ ድካም ያለበት ምእመን ራሱን በየዕለቱ እንዴት መጠበቅ እንደሚችል፣ አካሉንም በልክ ማንቀሳቀስ ስለምን የሕክምናው አካል እንደ ሆነ፣ አጥቢያውም በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለው እናስረዳለን።

ልብ ደምን ወደ መላው አካል የሚገፋ ጡንቻ ነው። የልብ ድካም የምንለው ይህ ጡንቻ፣ ወይም በውስጡ ያሉት የልብ በሮች፣ ተጎድተው ለአካል የሚያስፈልገውን ያህል ደም ማዳረስ ሲያቅታቸው ነው። ልብ አልቆመም፤ እንደ ቀድሞው ግን አይሠራም። ኩላሊቶች በቂ ደም ሳይደርሳቸው ሲቀር ሰውነት ውኃ ያነሰው ይመስላቸውና ጨውንና ውኃን ይዘው ያስቀራሉ። ያ የተጠራቀመ ውኃ በእግር፣ በሆድና በሳንባ ይተኛል። ቁርጭምጭሚት የሚያብጠው፣ ሰው ዳገት ሲወጣ የሚያለከልከው፣ በኋላም ተንጋሎ መተኛት አቅቶት ሁለትና ሦስት ትራስ የሚደራርበው፣ እኩለ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ከእንቅልፉ ባንኖ የሚቀመጠው ስለዚህ ነው።

መንሥኤው ብዙ ነው። በሀገራችን በወጣቶች ላይ ከሚታዩት ዋነኛው በልጅነት በሚደርስ የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የሚመጣው ሩማቲክ የልብ ሕመም ሲሆን፣ በሽታው የልብ በሮችን ያጠብባል ወይም እንዳይገጥሙ ያደርጋል። ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት፣ የልብ ጡንቻ በልዩ ልዩ ምክንያት መላላትና የልብ ደም ሥሮች መጥበብም አሉ። በእርግዝና መጨረሻ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የሚጀምርም ዓይነት አለ፤ ይህ ብዙ ጊዜ «የአራስ እብጠት ነው፣ ይተዋታል» እየተባለ ስለሚታለፍ፣ አራስ ጥየቃ የሚሄዱ እናቶችና ለክርስትና ዝግጅት ወደ ቤት የሚመጡ ካህናት ልብ ሊሉት ይገባል። ተንጋልላ መተኛት ያቃታት አራስ ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። ይህ ሕመም የነበረባት እናትም ዳግመኛ ከማርገዟ በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርባታል። ለልብ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ጽንስን የሚጎዱ ስላሉ፣ ይህን አስቀድሞ ለባልና ሚስት መንገር የንስሐ አባት ምክር አንዱ ክፍል ቢሆን እንወዳለን።

ሚዛኑ የሚናገረው

ታማሚው ሐኪሙን የሚያገኘው በወር ወይም በሦስት ወር አንድ ቀን፣ ያም ለጥቂት ደቂቃ ነው። የቀሩትን ቀናት የራሱ ጠባቂ እርሱ ነው። ይህ ራስን መጠበቅ ሦስት ነገር አለው፦ የታዘዘውን ሳያቋርጡ መፈጸም፣ በሰውነት ላይ የሚታየውን ለውጥ በየዕለቱ መከታተል፣ ለውጥ ሲታይም ሳይዘገዩ ተገቢውን ማድረግ። ብዙዎች የሚወድቁት በሦስተኛው ነው። እግራቸው ማበጡን ያያሉ፤ ግን «እስከ ቀጠሮዬ ልታገሥ» ይላሉ።

ከመሣሪያዎች ሁሉ ርካሹና ታማኙ የሰውነት ሚዛን ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ሰው በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ቢጨምር የጨመረው ሥጋ ሳይሆን ውኃ ነው፤ እግሩ በግልጽ ከማበጡ በፊትም ሚዛኑ ይናገራል። መመዘን የሚገባው ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በተመሳሳይ ልብስ፣ በአንድ ሚዛን ላይ ነው፤ ቁጥሩም በደብተር ይጻፋል። በ3 ቀን ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ፣ ወይም ትራስ መጨመር ካስፈለገ፣ ወይም እብጠቱ ወደ ላይ ከወጣ በዚያው ቀን ለጤና ባለሙያ መንገር ይገባል። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚስት ሰው ደግሞ ነገን መጠበቅ የለበትም፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሚዛን በሌለበት ቤት የቅልጥም አጥንትን ፊት ለፊት በጣት ለጥቂት ጊዜ ጫን አድርጎ ማየት ይረዳል፤ ጣት ሲነሣ ጉድጓድ የሚቀር ከሆነ ውኃ አለ። በማለዳ የሚጠብቅ ጫማና የማይገጥም መቀነትም ይመሰክራሉ።

ጨው የዚህ ሁሉ ጓደኛ ነው፤ ጨው ባለበት ውኃ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ነው፣ ያውም በምግቡ ውስጥ አስቀድሞ የገባውን ጨምሮ። የእኛ ቤት ችግር ይህ «አስቀድሞ የገባው» ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል፤ ወጡ ሲሠራ እንደ ገና ይጨመራል፤ ሚጥሚጣና አዋዜ በላዩ ይመጣሉ። ስለዚህ «ጨው ቀንስ» የሚለው ምክር ለታማሚው ብቻ ከተነገረ ከንቱ ነው፤ መነገር ያለበት ወጥ ለምትሠራዋ ነው። ጨው ያልገባበት በርበሬና ሽሮ ለብቻ ማስፈጨት፣ ወይም ወጡ ጨው ከመጨመሩ በፊት የታማሚውን ድርሻ ማውጣት ይቻላል። በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በሎሚ፣ በኮረሪማና በበሶብላ ጣዕሙን መጠበቅ ይቻላል፤ ምላስም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይለምደዋል። በቤት የሚጋገር የጤፍ እንጀራ አብዛኛውን ጊዜ ጨው አይገባበትም፤ ዳቦ ግን አለው።

መድኃኒትን በተመለከተ ሁለት ነገር እንናገር። አንደኛው፣ መድኃኒቶቹ ሕመሙን ነቅለው የሚያወጡ ሳይሆኑ ልብን የሚደግፉ ስለ ሆኑ «ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም ያገረሸዋል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ወጣትም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋውን ፔኒሲሊን ደኅና ነኝ ብሎ መተው የለበትም። ሁለተኛው፣ ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ከመድኃኒት ቤት ሰው በራሱ ገዝቶ የሚውጣቸው እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ውኃን በሰውነት ያስቀራሉ፤ የልብ ድካም ላለበት ሰው አደገኛ ናቸው። ብዙ ታማሚ ይህን የሚነግረው የለም።

ጾሙ፣ ጸበሉ፣ ቅዳሴው

የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለሕሙማን ማቅለያ እንዳለው ካህናት ያውቃሉ፤ ታማሚው ግን ብዙ ጊዜ ራሱን ከዚህ ውጭ ያደርጋል። እኛን የሚያሳስበን የጾሙ ምግብ አይደለም፤ ጨው ካልበዛበት አትክልትና ጥራጥሬ ለልብ የሚስማማ ነው። የሚያሳስበን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም የሚዘለለው መድኃኒት ነው። ለቅዱስ ቁርባን በሚዘጋጁበት ጊዜም እንዲሁ የማታውና የጠዋቱ መድኃኒት ይቀራል። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ታማሚዎች ይህን ለመናገር ያፍራሉ። ሽንት የሚያበዛውን መድኃኒት፣ ፉሮሴማይድን፣ እሑድ ጠዋት የሚተዉት ከቅዳሴ መካከል መውጣት ስለሚያሳፍራቸው ነው። መፍትሔው ቀላል ነበር። የዚህን መድኃኒት ሰዓት ሐኪሙ ወደ ከቀትር በኋላ ሊያዘዋውረው ይችላል፤ አጥቢያውም ታማሚው በበሩ አቅራቢያ እንዲቀመጥና የመጸዳጃ ቤቱ በር እንዳይቆለፍ ሊያደርግ ይችላል። ስለ ጾሙ ደግሞ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓት፣ የንስሐ አባቱ የጾሙን ልክ ይወስኑለት። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ቃል ቢሰሙ መልካም ነው፤ ታማሚው በመካከላቸው ወሬ አመላላሽ ከሚሆን የንስሐ አባቱ አንድ ቀን አብረውት ወደ ቀጠሮው ቢሄዱ ብዙ ነገር ይቀላል።

ጸበልን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በኤች አይ ቪ ዘመን ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ አስተምራለች፤ ያው ትምህርት እዚህም ይሠራል። በልብ ድካም ላይ ግን የተለየ ጥንቃቄ አለ። ይኸውም መጠኑ ነው። በባዶ ሆድ በብዛት የሚጠጣ ውኃ፣ ጸበልም ቢሆን፣ ማስወጣት በማይችል ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፤ ሐኪሞች ሕመሙ ለጸናባቸው ሰዎች የቀኑን ፈሳሽ ሁሉ ከ1.5 እስከ 2 ሊትር የሚወስኑበት ጊዜ አለ። 3 ሊትር በአንድ ጠዋት የጠጣ እንዲህ ያለ ታማሚ ሌሊቱን ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ስለዚህ ለበረከት ጥቂት ቀምሶ መጠመቅ እንዲበቃው፣ የሚጠመቅበትም ውኃ እጅግ የቀዘቀዘ እንዳይሆን፣ መድኃኒቱንም በጸበሉ ቦታ ሳለ እንዳያቋርጥ አጥማቂ ካህናት ቢያዝዙለት ቃላቸው ከእኛ ጽሑፍ ሁሉ ይልቅ ይሰማል። በረከቱ በሊትር አይለካም።

ረጅም ሰዓት ባሉበት መቆም እግርን ያሳብጣል፤ ስለዚህ ተቀምጦ ማስቀደስ ለእንዲህ ያለው ሰው ስንፍና አይደለም። በሰሙነ ሕማማት እየወደቁ እየተነሡ መስገድ ግን ለልብ ከባድ ሥራ ነው፤ ራስን ዝቅ አድርጎ በድንገት መነሣትም መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ማዞርና መውደቅ ያመጣል። ስግደቱ በወንበር ላይ ሆኖ ራስን ዝቅ በማድረግ እንዲተካለት የንስሐ አባቱ ቢፈቅዱለት፣ ሌላው ምእመንም አይቶ አይፈርድበትም።

እንቅስቃሴው

እንግዲህ «አርፈህ ተቀመጥ» ወደሚለው እንመለስ። ከ40 እና ከ50 ዓመታት በፊት ሐኪሞችም ይህንኑ ይሉ ነበር፤ አልጋ ላይ መዋል የልብ ድካም ሕክምና ነበር። በኋላ የታወቀው ግን፣ ታማሚውን ከሚያደክመው ውስጥ ብዙው ከልብ ሳይሆን ከእግር ጡንቻ መሆኑ ነው። ተኝቶ የሚውል ጡንቻ ይከሳል፣ ከደም ኦክስጅን የመውሰድ ችሎታውም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጥቂት እርምጃ እንኳ ከልብ ብዙ ደም ይጠይቃል። በልክ የሠለጠነ ጡንቻ ግን በጥቂት ደም ብዙ ይሠራል። ያን ጊዜ ልብ ሳይጠነክር እንኳ ሸክሙ ይቀልለታል።

ይህ በጥናት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ የታተመ፣ በአሜሪካ፣ በካናዳና በፈረንሳይ 2,331 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ሕመማቸው የተረጋጋ ሰዎች በልክ መንቀሳቀሳቸው ጉዳት እንደማያመጣና የኑሯቸውን ሁኔታ እንደሚያሻሽል አሳይቷል። እርሱ ግን በሆስፒታል መሣሪያዎች የተጀመረ ነበር። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በእንግሊዝና በዌልስ 216 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ነው። በዚህ ጥናት ነርሶችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ለ12 ሳምንታት ቤት ለቤት እየሄዱና በስልክ እየጠየቁ ታማሚውን ራስን መጠበቅና እንቅስቃሴን አስተማሩት፤ በእጁ መመሪያ መጽሐፍና የዕለት መዝገብ ሰጡት፤ ከእግር ጉዞና ወንበር ላይ ሆነው ከሚሠሩት እንቅስቃሴዎች የሚመቸውን እንዲመርጥ አደረጉት፤ አስታማሚውንም አብረው አሠለጠኑ። ከአንድ ዓመት በኋላ እነዚህ ሰዎች እንደ ወትሮው ብቻ ከታከሙት የተሻለ ኑሮ እንደሚኖሩ ተረጋግጧል። ሞትን ቀንሶ እንደ ሆነ ለመናገር ግን ጥናቱ አነስተኛ ነበር። የእነዚያ አገር ታማሚዎች አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉና ጡንቻው የላላ ልብ ያላቸው ሲሆኑ፣ ከእኛ ታማሚዎች ብዙዎቹ የልብ በራቸው የተጎዳ ወጣቶች ናቸው። እጅግ የጠበበ የልብ በር ያለው ሰው ሲጣደፍ ራሱን ሊስት ይችላልና፣ ማንም ታማሚ ከመጀመሩ በፊት «መራመድ እችላለሁ? እስከ ምን ድረስ?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ግድ ነው። ይህን ቅድመ ሁኔታ ማንም እንዳይዘልለው አደራ እንላለን።

ሐኪሙ ከፈቀደ አጀማመሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በለጥ ባለ ሜዳ ላይ በቀን 5 ደቂቃ ብቻ መራመድ ይበቃል፤ በየጥቂት ቀኑ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይጨመራል። በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ በሳምንቱ አብዛኞቹ ቀናት 30 ደቂቃ መድረስ ግቡ ነው፤ በአንድ ጊዜ የማይችል በሦስት ይክፈለው። መነሻውና መድረሻው ሁልጊዜ ዝግ ያለ እርምጃ ይሁን፤ በድንገት መቆም ያዞራል። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት መጠበቅ፣ የቀትር ፀሐይንና ዳገትን መሸሽም ይገባል።

የፍጥነቱ ልክ እንዴት ይታወቃል? መሣሪያ አያስፈልግም። እየተራመደ አቡነ ዘበሰማያትን ሳያቋርጥ መድገም የሚችል ሰው ልኩን ይዟል። በየቃሉ መካከል የሚተነፍስ ከሆነ ፈጥኗልና ይዝገም። መዝሙር በሙሉ ድምፅ መዘመር ከቻለ ደግሞ ጥቂት ሊጨምር ይችላል።

መራመድ ላልቻሉ አረጋውያን ወንበር ይበቃል፦ ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበትን ተራ በተራ ማንሣት፣ ከወንበሩ ከ5 እስከ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ተረከዝን ማንሣት። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ፕላስቲክ በእጅ ይዞ ክንድን ማጠፍና መዘርጋትም ይቻላል። ትንፋሽን ይዞ መታገል ግን አይገባም፤ የውኃ ጀሪካን መሸከምና ጆንያ ማንሣት በዚህ አይቆጠሩም፣ ይቅሩ። ደረት ያመመው፣ ያዞረው፣ ልቡ በተለየ ሁኔታ የመታ፣ ወይም ከቆመ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ትንፋሹ ያልተመለሰለት ሰው ያቁም፣ ባለሙያም ያማክር። በማግሥቱ ደክሞት የሚውል ከሆነ አብዝቷልና ይቀንስ። ትኩሳት ባለበት፣ ክብደቱ በጨመረበት ወይም እብጠቱ በባሰበት ቀን እንቅስቃሴው ይቅር።

የአጥቢያው ድርሻ

ይህን ሁሉ ስንጽፍ በዓይናችን ያለው የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። አብዛኛው ቅጽር ጥላ አለው፣ መኪና አይገባበትም፣ መቀመጫ አለው፣ ታማሚው ቢደክመው የሚያየው ሰው አይጠፋም፤ ለጀማሪ ተራማጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ በከተማም በገጠርም ማግኘት ከባድ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ዙሪያውን በገመድ ለክተው ርቀቱን ቢጽፉት፣ ታማሚው በዙር ይቆጥራል፤ ዙሪያው 150 ሜትር ቢሆን 6 ዙር 900 ሜትር ነው። መሬቱ ዳገት የሆነበት ደብር ግን ሌላ ለጥ ያለ ስፍራ ይምረጥ። መቋሚያ የለመዱ አባቶች ይዘውት ይራመዱ፤ ለሚዛንም ለዕረፍትም ይጠቅማቸዋል።

ሰበካ ጉባኤው አንድ የሰውነት ሚዛንና አንድ የደም ግፊት መለኪያ ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ ቢያስቀምጥ ወጪው ከአንድ መለስተኛ ግብዣ አይበልጥም። አጠቃቀሙን የአካባቢው ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያስተምራል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ባለበት ወረዳ ዓመታዊ መዋጮ መክፈል ያቃታቸውን ታማሚዎች ማስመዝገብም ለምጽዋት ከሚወጣው ገንዘብ ጥሩ አገልግሎት የሚሰጥ ነው ብለን እናምናለን፤ መድኃኒት የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ በገንዘብ እጦት ነውና። በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ማዕድ ላይም ጨው ያልበዛበት አንድ ድስት ይዘጋጅ፤ ጠላና አረቄ ላይ ታማሚው «ለአንድ ቀን ምን አለበት» እንዳይባል።

በሽተኛ የሚጠይቁ ዲያቆናትና የበጎ አድራጎት ክፍል አባላትም ሲሄዱ ከጸሎቱ ቀጥሎ ጥቂት ይጠይቁ፦ ዛሬ ተመዝነሃል? ሌሊቱን ስንት ትራስ አስፈለገህ? መድኃኒቱ ስንት ቀን ይበቃሃል? ትናንት ምን ያህል ተራመድክ? መልሱን በታማሚው ደብተር ላይ ከቀኑ ጋር ይጻፉለት፤ ደብተሩንም ለቀጠሮ ሲሄድ ይዞት እንዲሄድ ያሳስቡት።